ጥሬው ክር የት ገባ?

የአያቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ግን ሰምታዋለች፤ ያውም በሬዲዮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የፈረንጁ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ) ሁለት የሬዲዮ ጋዜጠኞች መቅረጸ ድምፃቸውን ተሸክመው ጨንቻ ይወጣሉ። ጭጋጉ ገና አልተነሣም። አያቴ እንደ ልማዱ ሸማው ላይ ነው። ስለ ድሮው የሸንጎ ሥርዓት፣ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ነገር እንዴት እንደሚያዩ ይጠይቁታል። አያቴ ጨዋታ አዋቂ ነበር ይባላል፤ አማርኛው ግን ከገበያ ቋንቋ አያልፍም። ስለዚህ በገዛ ቋንቋው በጋሞኛ ያወራላቸዋል። ምን ያህል አወራ? እናቴ "ቡናው ከአቦል ተነሥቶ በረካ እስኪደርስ" ትላለች። እኔ ከአንድ ሰዓት በላይ ብዬ ይዤዋለሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይተላለፋል ተባለና ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ታጎረ። አያቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊት ተቀመጠ። ድምፁ መጣ! አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት። ከዚያ ወደ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው ድምፁ ቁልቁል ሰመጠና ከላዩ ላይ የሌላ ሰው፣ የተስተካከለ የአማርኛ ድምፅ ወጣ። "ሽማግሌው እንደሚሉት..." እያለ በአራት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨረሰው። አያቴ ዞር ብሎ "ይሄ እኔን የሚያቋርጠኝ ማነው?" አለ አሉ። ቤታችን ውስጥ እስከ ዛሬ ቀልድ ነው። ሰው ጨዋታ ሲያቋርጥ "ሬዲዮ ሆንክ እንዴ?" ይባላል።

አድጌ፣ ሥራ ይዤ፣ ይህን ቅጂ ፍለጋ ወጣሁ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሄድኩ አልናገርም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ልጆች በነገሩ እጃቸው የለበትም። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ተመራ፣ ማኅተም ተመታ፣ "ነገ ተመለስ" ተባለ። በመጨረሻ የደረስኩት ጡረታ ከወጡ አንድ ቴክኒሻን ዘንድ ነው። ጋሼ ሳቁብኝ። "ልጄ፣ ክር እኮ በራሽን ነበር" አሉ። ባዶ ክር የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ጋዜጠኛው ከመስክ ሲመለስ የሚፈልጋትን አምስት ደቂቃ ወደ ፕሮግራሙ ይገለብጣል፤ ጥሬው ክር ይደመሰስና ለሚቀጥለው ጉዞ ይሰጣል። አያቴ የዱቡሻን ወግ ያወራበት ክር ላይ ከሳምንት በኋላ የአንድ እርሻ ልማት ሪፖርት ተቀድቶበት ይሆናል። ወይም እግር ኳስ። እግር ኳስ ከሆነ አያቴም ይቅር የሚል ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም። የድሮ የሬዲዮ ቅጂዎች ይጠበቁ የሚል ሰው ሁሉ (እኔም ጭምር) በአእምሮው የሚስለው የተላለፈውን ፕሮግራም ነው። ያ ደግሞ አማርኛ አፍ ለፈታ ሰው ልክ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ "ከመጻሕፍት ዓለም" ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ሲተርክ፣ የተላለፈው ራሱ ዋናው ነው። ሰውየው ካረፈ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ግን ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ታክሲ ውስጥ ጆሮው ላይ ሰክቶ ጉዱ ካሣን ያደምጣል። ክር ተጠብቆ ሲቆይ የሚያደርገው ይህንን ነው። ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዘይሴ ስትመጡ ግን የተላለፈው ዋናው አይደለም። የተላለፈው ትርጉሙ ነው። ዋናው ከሥር የሰመጠው፣ ተቆርጦ የወደቀው፣ ተደምስሶ ለሌላ ጉዞ የተሰጠው ነው። ስለዚህ ነገ አንድ ደግ ሰው ተነሥቶ የሬዲዮ ጣቢያዎቻችንን መደርደሪያ በሙሉ ወደ ኮምፒዩተር ቢገለብጥልን እንኳ፣ የምናገኘው አያቴን ሳይሆን አያቴን የሚያቋርጠውን ሰውዬ ነው!

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። በአገራችን ሬዲዮ መደበኛ ሥራውን የጀመረው በ1928 መባቻ፣ ጣሊያን ደጃፋችን ላይ ሠራዊት እየከመረ በነበረበት ወቅት ነው። ገና ከልደቱ የመንግሥት አፍ ነበር፤ ያኔ ደግሞ አፍ ያስፈልግ ነበር። ከነፃነት በኋላ ጣቢያው ተስፋፋ። በየካቲት 1955 ደግሞ የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን ያቋቋመው ብስራተ ወንጌል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ባለ 100 ኪሎዋት ማሰራጫዎቹ ከአፍሪካ አልፈው እስያ ድረስ ይሰሙ ነበር። ደርግ በመጋቢት 1969 ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ወላጆቻችን ብስራተ ወንጌልን የሚያነሡት በናፍቆት ነው፤ ከምሥራቹ በላይ ዜናውና ሙዚቃው ትዝ ይላቸዋል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ጋሞኛ የት ነበር? በብሔራዊው ሬዲዮ የዜና ቋንቋዎች መሐል አልነበረም። በሐምሌ 1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብና መጻፍ የተሰጠው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ነው። ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አይክደውም። ወላይትኛ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበር፣ ጋሞኛ አልነበረም። የጋሞ ልጅ ሬዲዮ ላይ የራሱን ድምፅ የሚሰማው በሁለት አጋጣሚ ነው። ወይ "አሁን ደግሞ ከጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ባህላዊ ሙዚቃ" ሲባል፣ ወይ ደግሞ እንደ አያቴ ለሁለት ዓረፍተ ነገር ያህል። በቋንቋው ረጅም ወሬ፣ ዜና፣ ክርክር፣ ድራማ የመጣው የክልሉ ሬዲዮ አርባ ምንጭ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፍትና ዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ ሬዲዮ ሲያቋቁም ነው፤ ማለትም ትናንት።

የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን የጋሞን ድምፅ በጥሬው የሚሰበስቡ ሰዎች ነበሩ። የሬዲዮ ሰዎች ግን አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ የጋሞ ደጋ በተመራማሪ ተጥለቅልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ዳን ስፐርበር ዶርዜ ተቀምጧል፤ በኋላ ስለ ምልክትና ስለ እምነት የጻፈው መጽሐፍ ዓለም ላይ ያሉ የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች የሚያነቡት ሆኗል። ማርክ አቤሌስ ኦቾሎ ላይ ሰዎች እንዴት እንደሚሸነጉ አጥንቷል። ጁዲት ኦልምስቴድ ጭማቴ ጩምባሎ የተባሉትን የዶርዜ ሴት መሪ ታሪክ እየጠየቀች ጽፋለች፤ መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ሰውዬ ግን በርናር ሎርታ ዣኮብ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ነው። የንጉሡ ዘመን አልቆ ደርግ ሲገባ፣ አዲስ አበባ በዘመቻና በሰልፍ ስትናጥ፣ እሱ ዶርዜ ላይ ማይክራፎን ይዞ ሽማግሌዎች ሲዘፍኑ ይቀርፃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የዶርዜ ዜማዎች ፓሪስ ላይ በሸክላ ታተሙ።

ይህን ዜማ ሰምታችሁት የማታውቁ ከሆነ ሽሮ ሜዳ የሠርግ ሰሞን ጎራ በሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ ብላችሁ እንዳትገምቱ። ሁሉም የየራሱን ዜማ ይይዛል፤ አንዱ ከላይ እንደ ወፍ ይጮሃል፣ አንዱ ከታች እንደ ንብ ያጉረመርማል፣ ሦስተኛው በመሐል ይቆርጣል። ተሳስተው ይመስላችኋል። ከዚያ ድንገት ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ይህንን በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ የሚችል ካለ እጅ እነሣለሁ። ማስቀመጫው ድምፅ ብቻ ነው።

ታዲያ ያ የፓሪስ ቅጂ ዛሬም አለ። ለምን ኖረ? ፈረንጅ ስለሆኑ አይደለም። (እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ወይ "ዘረፉን" ወይ "እነሱ ናቸው የሚያውቁልን" እንላለን፤ ሁለቱም ከሥራ ያድናል።) የኖረው በተራ ልማድ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ክር ቁጥር አለው፤ አብሮት ማስታወሻ ደብተር አለ፤ ማን ዘፈነ፣ የት፣ መቼ ተጽፏል፤ ጥሬው አይነካም፤ የሚቆረጠው ቅጂው ነው። በቃ። ሰውየው ይሠራበት የነበረው የምርምር ቤት የድምፅ ክምችት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢንተርኔት ጭምር መደመጥ ጀምሯል። ዣን ጄንኪንስ የተባለች የለንደን ሆርኒማን ሙዚየም ባለሙያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አገራችንን ዞራ ብዙ ቀርፃለች፤ ከቅጂዎቿ ውስጥ የኢትዮጵያን የብዙ ድምፅ ዜማ የያዘውን ሸክላ ያሳተመው ኦኮራ ነው። ኦኮራ ማለት ደግሞ የፈረንሳይ የሕዝብ ሬዲዮ የሸክላ ክፍል ነው። ሬዲዮ ነው እንግዲህ! ልክ እንደኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ፣ ልክ እንደኛው አለቃና ማኅተም ያለበት።

"ዘፈኑስ ይሁን፤ የሽማግሌ ወሬ ምን ይሠራል?" የሚለኝ አይጠፋም። ይሠራል። ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ።

አንደኛው ወጋጎዳ ነው። በ1992 መጀመሪያ ላይ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አንድ አድርጎ "ወጋጎዳ" በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ። ቋንቋዎቹ ዘመዳሞች መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንትም ይናገራሉ። ሕዝቡ ግን ይህ ማንም አፉን ያልፈታበት ቋንቋ ነው አለ። በኅዳር 1992 ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፎቹ ተሰበሰቡ፤ በዓመቱ የሰሜን ኦሞ ዞን ራሱ ፈረሰና ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ተለያዩ። ያ ሁሉ ክርክር የተካሄደው ሰዎች በርግጥ እንዴት እንደሚያወሩ የሚያሳይ የድምፅ ክምችት ጠረጴዛው ላይ ሳይኖር ነው። ከየደሬው ሃያ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ጥሬ ክር ቢኖር፣ የጨንቻው ከቦሮዳው፣ የቦሮዳው ከጎፋው በምን እንደሚለይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይቻል ነበር። ግጭቱን ያስቀር ነበር አልልም፤ የግጭቱ ምክንያት ፊደልና ሰዋስው ብቻ አልነበረም። ቢያንስ ግን የምንከራከርበት ነገር ይኖረን ነበር።

ሁለተኛውን ሁላችሁም አይታችሁታል። መስከረም 2011፣ ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆችና በሌሎች ላይ ግድያ ከተፈጸመ በኋላ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት አደባባይ ወጣ። በከተማዋ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና በንብረታቸው ላይ ሊደርስ የነበረውን የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አስቀሩት። ፎቶው አገር ዳረሰ፤ አለቀስን፣ አጋራነው፣ አከበርናቸው። ታዲያ ሣሩን ተሻግሮ መሄድ ለምን እንደማይቻል፣ "ጎሜ" የሚባለው ነውር ምን እንደሆነ፣ አንድ ሀላቃ ዱቡሻ ላይ ቆሞ ሲናገር በምን እንደሚጀምርና ሲመርቅ ምን እንደሚል፣ እሺ አልልም ያለ ሰው እንዴት እንደሚለመን... ይህ ሁሉ ከፎቶው ጀርባ ያለው ነው። አያቴ ለጋዜጠኞቹ ያወራላቸውም ይህንኑ ነበር። ሽማግሌዎቹ በዚያች ዕለት የተናገሩት ቋንቋ ከየት እንደመጣ የሚነግረን ክር ላይ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የእርሻ ሪፖርት ተቀድቶበታል።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከክር መደምሰስ የባሰ አለ፤ የርስት ክፍፍል። ጋሞን ያስተዳደረው መዋቅር ስንት ጊዜ ተቀየረ? ዋና ከተማው በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አዲሲቱ አርባ ምንጭ ወረደ። ጋሞ ጎፋ ሰሜን ኦሞ ሆነ፣ ሰሜን ኦሞ እንደገና ጋሞ ጎፋ፣ በ2011 ደግሞ ጋሞ ዞን ለብቻው። የክልሉ ሬዲዮ ዋና መሥሪያ ቤት የነበረው ሐዋሳ ነው። በ2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጣ፤ በነሐሴ 2015 የቀረው ለሁለት ተከፍሎ ጋሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ገባ። መሥሪያ ቤት ሲከፋፈል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። መኪና ይቆጠራል። ወንበር ይቆጠራል፤ እግሩ የተሰበረው ሳይቀር። ኮምፒዩተር በሴሪ ቁጥሩ ይመዘገባል። አንድ ካርቶን ሙሉ ያረጀ ክር ግን በየትኛው ሞዴል ላይ ይገባል? ዋጋው ስንት ተብሎ ይጻፋል? የአሥራ ምናምን ሕዝብ ድምፅ የያዘ ካርቶን የማን ድርሻ ነው? ለመጽሐፍ ቢያንስ ደንብ አለን፤ በ1991 በወጣው አዋጅ 179 መሠረት አሳታሚ ቅጂ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ያስገባል። ድምፅን እንደ መጽሐፍ የማየት ልማድ ግን ገና አልገባንም።

"ጊዜው ሲመቻች ይሠራል" የሚሉም አሉ። ጊዜው አይጠብቅም። የድምፅ ክር ማለት ስስ ፕላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሙጫውን ይበላዋል፤ ክሩ መሣሪያው ላይ ሲሽከረከር ታሪኩ እንደ ዝገት ይራገፋል። አርባ ምንጭ ደግሞ የምታውቋት ናት፤ ጥር ላይ ሲቀላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የዋለ ሰው ራሱ ሙጫው ሊለቅ ይደርሳል። (ጨንቻ ወስደን እናስቀምጠው እንዳንል ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ላይ ጭጋጉና ሻጋታው አለ። አባቶቻችን ከተማውን ከዚያ ያወረዱት እንዲሁ አይደለም።) ከክሩ በፊት ደግሞ የሚሞተው ማጫወቻው ነው። ፋብሪካዎቹ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ መለዋወጫው የለም፤ የሚጠግነው ሰው ጡረታ ወጥቷል። ዩኔስኮና የዓለም የድምፅ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባካሄዱት ጥሪ ላይ ባለሙያዎች ክርን በመደበኛ መንገድ ማጫወት የሚቻልበትን ጊዜ መጨረሻ እ.ኤ.አ. 2025 ገደማ ብለው ገምተውት ነበር። ያ ዓመት አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለው ሰዓት ምርቃት ነው።

የማይቻል አይደለም፤ ከእኛ ያልተሻሉ ሠርተውታል። የጊኒ ኮናክሪ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1985 በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሕንፃው በቦምብ ተመትቶ ክምችቱ ጠፋ ተብሎ ነበር። በኋላ አንድ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ፣ ግሬም ካውንስል፣ ከጣቢያው ሠራተኞች ጋር ሆኖ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ፈለገ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በብሪቲሽ ላይብረሪ ድጋፍ 9 ሺህ 410 ዘፈኖች ወደ ኮምፒዩተር ተገለበጡ። ከዚህ የሚቀርበን ደግሞ ሐርጌሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የሬዲዮው ሰዎች ክርና ካሴቱን መሬት ቆፍረው ቀበሩት፣ ከፊሉን ድንበር አሻገሩት። ዛሬ የሐርጌሳ የባህል ማእከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ይዞ አንድ በአንድ ይገለብጣል። ጎበዝ፣ እነሱ በቦምብ ሥር ያተረፉትን እኛ በሰላም ቀን በስቶር ቁልፍ ምክንያት እንጣ?

ሂሳቡም አያስፈራም። በባለሙያዎቹ መስፈርት የአንድ ሰዓት ወሬ በአንድ ማይክራፎን ከተቀረፀ ወደ አንድ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ሺህ ሰዓት ማለት አንድ ቴራባይት ማለት ነው፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ ዲስክ። አንዷን አርባ ምንጭ፣ አንዷን አዲስ አበባ፣ አንዷን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ውድ የሚሆነው ሰው ነው። ቁጭ ብሎ የሚያደምጥ፣ ይህ የማን ድምፅ ነው፣ የት ደሬ ነው፣ በየትኛው ዓመት ነው ብሎ የሚጽፍ፣ ጋሞኛ የሚያውቅ ሰው። ዩኒቨርሲቲው ደጃችን ነው። በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ምንጭ ማጎልበት የሚያስተምር ቤት ይህቺ አታቅተውም። መሣሪያ የሚጠግን የኤሌክትሪካል ተማሪ አለ፣ የሚያደምጥ የቋንቋ ተማሪ አለ፣ የሚያስረዳ ሽማግሌም ለጊዜው አለ።

ደግሞ ስለ ድሮ ብቻ የማወራ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አርባ ምንጭ ላይ በጋሞኛ የሚተላለፈው ፕሮግራም በክር አይቀረጽም፤ በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩ ይሞላል። ሲሞላ ማነው መጀመሪያ የሚጠፋው? ጥሬው! የብሮድካስት ሕጋችን ጣቢያዎች ያስተላለፉትን ለተወሰነ ጊዜ እንዲያቆዩ ያዝዛል፤ ዓላማው ግን ክስ ቢነሣ ማስረጃ እንዲገኝ ነው፣ ለታሪክ አይደለም፤ የመስክ ጥሬ ቅጂ ደግሞ ቀድሞውንም አልተላለፈም። ክር በነበረ ጊዜ መደምሰስ እንኳ ሥራ ነበረው፤ ቢያንስ ክሩን ጠምጥሞ መልሶ መቅዳት ይፈልጋል። አሁን አንድ ጣት ይበቃል።

ለጋዜጠኛ ጓደኞቼ የምለው አጭር ነው። ዱቡሻ ሄዳችሁ ስትመለሱ ጥሬውን ከነስሙ፣ ከነቦታው፣ ከነቀኑ ፍላሽ ላይ ገልብጡና ለአንድ ሰው ስጡ። አለቃችሁን አትጠብቁ። ስሙን "ድምፅ 1" ብላችሁ አታስቀምጡት፤ በእግዜር ይሁንባችሁ። ጋዜጠኛ ላልሆናችሁት ደግሞ፦ የድሮ የሬዲዮ ሠራተኛ ዘመድ ካላችሁ የአልጋቸውን ሥር እዩ። ብዙዎቹ የወደዱትን ወሬ ለራሳቸው በካሴት ገልብጠው ይዘዋል፤ ያኔ ነውር ነበር፣ ዛሬ ጽድቅ ነው።

ይህን የማውቀው ከጋሼ ነው። የዚያን ቀን ስቀው ስቀው ሲያበቁ ጓዳ ገብተው አንድ ካሴት ይዘው መጡ። "የአያትህ አይደለም" አሉኝ አስቀድመው። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ "ጨንቻ ገበያ፣ ቅዳሜ፣ ጥሬ" ይላል፤ ዓመት የለውም። ቤታችን የካሴት ማጫወቻ ስለሌለ ሲቀላ አንድ ቴፕ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ ከአንዱ ሬሳ ቴፕ ሞተር፣ ከሌላው ቀበቶ አውጥቶ አጫወተልኝ፤ ሃምሳ ብር ብቻ ተቀበለኝ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። አህያ ትጮሃለች። ልጆች ማይክራፎኑን "ምንድነው?" እያሉ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሁለት ሴቶች በቅቤ ዋጋ ይጣላሉ፤ ጣልቃ የሚገባ፣ የሚያቋርጥ፣ የሚተረጉም የለም። በስልክ ቀርጬ ለእናቴ አሰማኋት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና "ገዢዋ የዶኮ ሴት ናት፤ አነጋገሯን ስማ" አለች። የሻጯን መለየት አልቻለችም። አጠገቧ ሕፃን ያለቅሳል፤ ሁለት ጊዜ በስሙ ትጠራዋለች፣ በሁለተኛው ጊዜ ዝም ይላል።

ሦስት ቅጂ አድርጌዋለሁ። እናቱ ወይም አያቱ በዚያ ዘመን ጨንቻ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ትሸጥ የነበረ ካለ፣ ይምጣና ያድምጥ።